ባቡሩ በምድር ውስጥ እየጨሰ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር የተጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ሳይመጣ ነው ሲባል ሰማሁ። ታዲያ በምን ነበር የሚሄደው? በከሰል እንዳትሉኝ ብቻ! ሰዉስ በጭስ አላለቀም? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ምን እናድርግ፣ በከሰል ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1863 ሜትሮፖሊታን የተባለው መስመር ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን፣ 6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ለሕዝብ ሲከፈት ባቡሩን የሚጎትተው የእንፋሎት ሞተር ነበር። እኛ ጋ ያኔ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ያ መዘዘኛ ደብዳቤ ለንደን የደረሰው በወሩ ነው።

ነገሩን ያመጣው የመንገድ መጨናነቅ ነው። ከየአገሩ የሚመጣው ባቡር ከተማው ዳር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ጋሪ ከጋሪ እየተጋፋ ነው መሃል ከተማ የሚገባው። ቻርልስ ፒርሰን የሚባል የከተማው የሕግ ሰው ባቡሩን ከመንገዱ ሥር እናሳልፈው እያለ ከ1840ዎቹ ጀምሮ ሲወተውት ኖሮ፣ መስመሩ ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሞተ። ያሳዝናል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መንገዱን ከላይ ይቆፍሩታል፣ ግራ ቀኙን በጡብ ይገነባሉ፣ ጣሪያ ደፍተው መንገዱን ይመልሱታል።

ወደ ጭሱ እንምጣ። መጀመሪያ ላይ ኮክ የሚባለውን፣ ጭሱ አነስ ያለ ከሰል ነበር የሚያነዱት፤ እንፋሎቱንም ወደ ውሃ ጋን እየመለሱ ለማቀዝቀዝ ሞክረዋል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሰዉ ሲያስል ነው የሚውለው። ስለዚህ መስመሩ ሲቀጥል ሞተሩ የሚተነፍስበት ክፍት ቦታ አስፈለገ። ሌንስተር ጋርደንስ የተባለ መንገድ ላይ ሁለት ቤቶች ፈረሱ። ሰፈሩ የሀብታም ስለሆነ ደግሞ ክፍቱ ነውር ነው ተባለና የውሸት ፊት ተሠራለት፣ ቁጥር 23 እና 24! በር አለው፣ ዓምድ አለው፣ በረንዳ አለው። መስኮቶቹ ግን ቀለም ብቻ ናቸው፤ ከግድግዳው ጀርባ ሐዲዱ ነው። ዛሬም አለ፣ ለንደን ያላችሁ ሄዳችሁ እዩት።

ሰዉ ግን አልቀረም። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ተሳፍሯል።

ከጭሱ የገላገለው ኤሌክትሪክ ነው። በ1890 ጥልቅ ተቆፍሮ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሌላ መስመር ተከፈተ። የመሃል ከተማው ክብ መስመር ግን እስከ 1905 ሲጨስ ቆየ፤ ሰዉ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻለው ካሉ፣ በእግር ከመሄድ ይሻላል ብሎ ነዋ!