«ሞኒሽ» ማለት ምን ማለት ነው ላልከው

ወንድሜ፣ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ «ሞኒሽ» የሚል ግስ አግኝተህ ትርጉሙንና ከየት እንደመጣ ጠይቀሃል። የድሮ እንግሊዝኛ ማንበብ ስለምወድ ይህ ግስ ደጋግሞ አጋጥሞኛል።

«ማስጠንቀቅ» ብቻ ብለህ አትለፈው። «ማስጠንቀቅ» የሚለው ተራው የእንግሊዝኛ ግስ «ዋርን» ለማንኛውም አደጋ ይሆናል፤ ውሻ አለ፣ መንገዱ ያንሸራትታል ለማለትም ይበቃል። ሞኒሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ ታናሹን፣ ቄስ ምዕመኑን ቀረብ ብሎ «ተው፣ ይሄ ነገር አያዋጣህም» የሚልበት ነው። ምክርም ተግሣጽም አለበት። ዛሬ ቦታውን የያዘው «አድሞኒሽ» ነው። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ 2ኛ ተሰሎንቄ 3፥15 ላይ ይህንኑ «አድሞኒሽ» ይጠቀማል፤ በእኛው «እንደ ወንድም ገሥጹት» የሚለው ቦታ ማለት ነው።

ሥሩ የላቲኑ «ሞኔሬ» ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል ነው። ያኔ መጨረሻው ላይ «ት» ነበረችው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተዘጋጀው የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ በዊክሊፍ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ሞነስት» በሚል መልክ ታገኘዋለህ። በኋላ ግን ሰዎች ያቺን «ት» የኃላፊ ጊዜ ምልክት መሰለቻቸውና ጣሏት፣ ጫፉም እንደ «ፊኒሽ» ሆኖ ቀረ። «አድሞኒሽ» ላይ ያለችው «ድ» ደግሞ ላቲኑን ለመምሰል ኋላ የተጨመረች ናት።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው ነው። ሞኔሬ የተሠራው ማሰብ ከሚል ጥንታዊ ሥር ነው፤ አስደራጊ ግስ ነው፣ ሌላውን እንዲያስብ ማድረግ ማለት። አሁን የእኛን ተመልከት፦ አሰበ፣ አሳሰበ፣ ማሳሰቢያ! ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይገናኙ በአንድ መንገድ ሄዱ።

ዘመዶቹም ብዙ ናቸው፦ ሞኒተር፣ ሞኑመንት፣ ለፍርድ ቤት መጥሪያ የሚሉት ሰመንስ። ሞንስተርም አለበት፤ ሮማውያን ያልተለመደ ፍጥረት ሲወለድ የአማልክት ማስጠንቀቂያ ነው ይሉ ነበርና። «መኒ» የሚለው ቃል ደግሞ የመጣው ሳንቲም ይመታበት ከነበረው ዩኖ ሞኔታ ከምትባል የሮማውያን ሴት አምላክ መቅደስ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ እንደጻፈው «ሞኔታ» የሚለው ስም የወጣላት የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሆን ከመቅደሷ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ስለተሰማ ነው።

አንተ በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ግን ሞኒሽን አትጠቀም፣ አንባቢህ የፊደል ስህተት ይመስለዋል። ወደ አማርኛ ስትመልሰው መጀመሪያ ተናጋሪው ማን እንደሆነ እይ፤ አባት ወይም መምህር ከሆነ «ገሠጸ»፣ እኩያ ከሆነ «መከረ» ወይም «አሳሰበ» በለው።