ጨው በትነህ ጠዋት ተመልሶ ግግር ለሚሆንብህ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አይቼዋለሁ፦ አዲስ ቤት ገብተህ የመጀመሪያ ዊንተርህ ነው፤ የመኪና መግቢያህ ላይና እስከ በርህ ባለው መተላለፊያ ላይ ጨው በገፍ ትበትናለህ፤ ቀን ይቀልጣል፣ ጠዋት ስትነሳ ግን መስታወት ሆኖ ይጠብቅሃል። ሁለት ከረጢት ጨርሰህ «የተሻለ ጨው ካለ ጠቁሙኝ» ብለሃል።

ሦስተኛውን ከረጢት ለጊዜው ተወው። ያንተ ችግር የጨው ማነስ አይደለም፤ ውሃው መውጫ ማጣቱ ነው። በረዶ የሚጠርገው አካፋ ነው። ጨው የሚረዳህ ግግሩ መሬቱን እንዳይነክስ፣ ከነከሰም እንዲላቀቅ ነው። እሱን እንደ መጥረጊያ የሚጠቀም ሰው ሁሉ የሚገጥመው ይኸው ያንተ ነገር ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃው የሚረጋበትን ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል። 23 በመቶ ያህል ጨው ያለው ውሃ እስከ -21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይረጋ ይቆያል። ነገር ግን በረዶው እየቀለጠ በገባበት ቁጥር ያ ውሃ ይቀጥናል። 10 በመቶ ሲደርስ -6.5 አካባቢ ይረጋል፤ 5 በመቶ ሲሆን -3 ላይ። እንግዲህ ቀን ሙሉ መግቢያህ ላይ የተኛው ጭቃ መሳይ በረዶ ማታ ላይ ጨዉ እጅግ የቀጠነ ውሃ ነው። ፀሐይ ስትገባ መርጋቱ አይቀርም። ስለዚህ ጨው ከበተንክ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቀህ የላላውን በአካፋ ግፋና ከመንገዱ አውጣው። ያልወጣ ቅልጥ የነገ ግግር ነው።

አሁን ወደ ሥራው።

1. በረዶው ሳይረገጥ ጥረገው። መኪናውን መጀመሪያ አታንቀሳቅስ። ጎማ የረገጠው በረዶ ተጨምቆ ይጠጥራል፤ ቀሪውን በቀላሉ ስትገፋው ያ ሁለት መስመር ብቻ ተጣብቆ ይቀርሃል። ብዙ የሚጥል ከሆነ «ያብቃና አንዴ እጠርጋለሁ» አትበል፤ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በደረሰ ቁጥር ውጣ። ክብደቱን አስበው፦ 6 በ10 ሜትር የሆነ መግቢያ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር በረዶ ማለት 6 ሜትር ኩብ ነው። ደረቅና ብናኝ ከሆነ አንዱ ሜትር ኩብ 100 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ እርጥብ ከሆነ 300 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሆናል። ስለዚህ ያው መግቢያ አንድ ቀን 600 ኪሎ፣ ሌላ ቀን ሁለት ቶን ሊጠጋ ይችላል። በረዶው እርጥብ ሲሆን አካፋውን ግማሽ ብቻ ሙላ፤ በተቻለ መጠን አታንሳ፣ ግፋ። ማንሳት ግድ ከሆነ ከጉልበትህ እጠፍ፤ ወገብህን ጠምዝዘህ በትከሻህ ላይ ወደ ኋላ አትወርውር። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ቢሰጥ ይሻላል፤ ብርዱ የደም ሥር ያጠብባል፣ ሥራው ልብን ያስሮጣል፣ ሁለቱ ሲገናኙ አደገኛ ነው። በረዶው አካፋው ላይ እየተጣበቀ ካስቸገረህ ብረቱን በሻማ እሸው።

2. ጨው ለክተህ በትን። 350 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ትልቅ የቡና ኩባያ ጨው 6 ሜትር ርዝመት ላለው መግቢያ ይበቃል። በፍሬዎቹ መካከል ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ክፍተት መታየት አለበት። ነጭ ሆኖ ከተሸፈነ አብዝተሃል፤ የተረፈው ሣርህን ያደርቃል፣ ውሻ ካለህ መዳፉን ያቃጥለዋል፣ ከጫማ ጋርም ቤት ይገባል። መሬቱ ደርቆ ያልሟሟ ፍሬ ካየህ ጠርገህ መልሰው፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ያገለግላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በረዶው ከመጣሉ ከጥቂት ሰዓት በፊት ጨዋማ ውሃ መርጨት ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 300 ግራም ጨው በደንብ አሟሟ፤ በተባይ መርጫ ጀሪካን ወይም በአትክልት ማጠጫ በደረቅ መሬት ላይ በመስመር በመስመር አፍስስ። አንድ ሊትሩ ከ20 እስከ 25 ካሬ ሜትር ያዳርሳል። ከዚህ በኋላ የሚጥለው በረዶ መሬቱን መንከስ ያቅተዋል፤ አካፋው ሥር ተገፎ ይነሳል። በዝናብ ጀምሮ ወደ በረዶ የሚለወጥ ቀን ከሆነ ግን አትልፋ፤ ዝናቡ አጥቦ ይወስደዋል።

የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር የከረጢቱ ፊት ነው። በትልቁ «እስከ -30 ያቀልጣል» ይልሃል፤ ገልብጠህ ስታነብ አብዛኛው ተራ ጨው፣ ጥቂት ካልሲየም ክሎራይድ የተቀባበት ሆኖ ታገኘዋለህ። ሁልጊዜ ጀርባውን አንብብ። ተራ ጨው ከ -9 ዲግሪ በታች ሥራው እጅግ ይዘገያል። ከዚያ በታች ማግኒዥየም ክሎራይድ እስከ -15 አካባቢ ይረዳል፤ ካልሲየም ክሎራይድ ደግሞ እስከ -29 ገደማ ይሠራል፤ ራሱም ሲሟሟ ሙቀት ያወጣል። የምትመለከተው የመሬቱን ሙቀት እንጂ የአየሩን አይደለም፤ ፀሐይ የማይነካው የሰሜን በኩል መተላለፊያ ከአየሩ በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

አሁን የተጋገረውን ለማንሳት ካልሲየሙን ክብ ክብ ፍሬ በሆነ ዓይነት ግዛ፤ ጓንት አድርግ። ቀረብ ብለህ ብታይ እያንዳንዱ ፍሬ ቀጥ ያለች ጉድጓድ እየቆፈረ ወደ ታች ይወርዳል፤ መሬቱ ላይ ሲደርስ ውሃው በግግሩ ሥር ወደ ጎን ይሰራጫል። ግግሩን በብረት ፍቂያ (እጀታ ባለው የግግር መፋቂያ) ጫፍ ቆርቆር ስታደርገው ድምፁ ባዶ ዕቃ የተመታ ያህል ከሆነ ተላቋል ማለት ነው፤ ያኔ ከሥሩ አስገብተህ ሳህን ሳህን እያደረግክ አንሳው። ድምፁ ድፍን ከሆነ ትንሽ ቆይ። በጉልበት ብትቀጠቅጠው የምትሰብረው ሲሚንቶውን ነው። ከረጢቱን በደንብ እሰር፤ ካልሲየም ከአየር እርጥበት ስቦ ውሃ ይሆንብሃል። የፈላ ውሃ ደግሞ በጭራሽ አታፍስስ፤ ያቀለጥከው ያህል ቆይቶ ይረጋል፣ ለጥ ብሎ የተሠራ መንሸራተቻ ይሆናል።

3. ውሃው ከየት ይመጣል? ዋናው ይህ ነው፤ ያንተንም ጥያቄ የሚመልሰው ይመስለኛል። ቀን ላይ ሞቅ ሲል ወጥተህ ቁም። ጣሪያው ላይ ያለው በረዶ ቀልጦ በአሸንዳው ይወርዳል፤ የአሸንዳው አፍ መተላለፊያህ ዳር ከሆነ ያ ውሃ በየቀኑ መንገድህን አቋርጦ ማታ ይረጋል። የትኛውም ጨው አይችለውም። አፉ ላይ ማስረዘሚያ ቱቦ ግጠምና ውሃውን ወደ ተዳፋቱ፣ ከመንገዱ ራቅ አድርገህ አውጣው። ሁለተኛው ምንጭ ራስህ የከመርከው ክምር ነው። ብዙ ሰው በረዶውን በቀረበው በኩል ይቆልላል፤ ክምሩ ከመንገዱ ከፍ ባለው በኩል ከሆነ ለሳምንታት እየቀለጠ ወደ መንገዱ ይፈሳል። ሁልጊዜ ዝቅ ባለው በኩል ከምር። የመጀመሪያውን በረዶ ስትጥል ራቅ አድርገህ ጣለው፤ ጠርዙ ላይ ከከመርክ በዊንተሩ ማብቂያ መግቢያህ ጠብቦ መኪናህን አያሳልፍም። መንገድ ዳር ያለውን የጎርፍ መውረጃ ቀዳዳም ክፈተው።

የመንገድ ጠራጊው መኪና መግቢያህ አፍ ላይ የሚተውልህ ግድብ ብዙ ሰው ያስለቅሳል። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር ጠራጊው የሚመጣው ፊትህን ወደ መንገዱ አዙረህ ስትቆም ከግራህ ነው። ስለዚህ ከመግቢያህ በስተግራ፣ መንገዱ ዳር ላይ ሦስት አራት ሜትር ያህል ባዶ ኪስ ክፈት። ጠራጊው ምላጩ ላይ ያለውን እዚያ ያራግፍና መግቢያህን ቀለል ብሎ ያልፋል። የጠረግከውን ደግሞ በስተቀኝ ከምር። የተረፈውን ግድብ በዚያው ሰዓት አንሳው፤ ካደረ በጨው የተለወሰ ድንጋይ ይሆናል። በረዶህን ወደ መንገዱ መልሰህ አትግፋ፤ በብዙ ከተማ ያስቀጣል፣ ለሚያልፈውም አደጋ ነው። የእግረኛው መንገድ በስንት ሰዓት ውስጥ መጠረግ እንዳለበትም ከከተማህ ደንብ አጣራ።

መሬቱ አዲስ ኮንክሪት ነው? ዓመት ካልሞላው ምንም ዓይነት ማቅለጫ አታስነካው፤ አሸዋ ብቻ በትን። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ጨው ደግሞ ኮንክሪቱ ውሃ ጠጥቶ ደጋግሞ እንዲረጋና እንዲቀልጥ ያደርጋል፤ ፊቱ ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይነሳል። ከረጢቱ ላይ አሞኒየም ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሰልፌት የሚል ካየህ ለአሮጌውም ቢሆን ተወው፤ ሲሚንቶውን ራሱን ይበላል። ጠጠር ከሆነ ታችኛውን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ትተህ ጥረግ፤ አለበለዚያ ጠጠሩን ሁሉ ሣሩ ላይ ታገኘዋለህ።

ስኖው ብሎወር (በረዶውን በሚሽከረከር ምላጭ ሰብስቦ ራቅ አድርጎ የሚወረውር ማሽን) ልትገዛ ካሰብክ፦ ለአስፋልት የጎን መንሸራተቻ እግሮቹን የታችኛው መፋቂያ ጠርዝ ከመሬት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል፣ ለጠጠር ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ እንዲል አስተካክል። ሺር ፒን የሚባለው፣ የሚሽከረከረውን ምላጭ የሚይዘው ትንሽ ቡሎን፣ ምላጩ ጠንካራ ነገር ሲነክስ ሆን ተብሎ እንዲሰበር የተሠራ ነው። ሲሰበር ተራ ቡሎን አትክተት፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰበረው ጊርቦክሱ ይሆናል። መለዋወጫውን ቀድመህ ግዛና መያዣው ላይ እሰር። መውጫው በእርጥብ በረዶ ሲደፈን ሞተሩን አጥፋ፣ የሚሽከረከረው ሁሉ እስኪቆም ጠብቅ፣ ከዚያም በእንጨት ወይም አብሮት በመጣው ዱላ አውጣው። ሞተሩ ቢጠፋም ቀበቶው ላይ የቀረ ኃይል ምላጩን አንድ ጊዜ ሊያዞረው ይችላል፤ ጣት የሚቆረጠውም በዚያች ቅጽበት ነው።

በረዶውን በወረወርክ ቁጥር ከግድግዳው የሚወጡትን የማሞቂያና የልብስ ማድረቂያ ጭስ ማውጫዎች ተመልከት። ከተቀበሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው አታውቀውም። ዙሪያቸውን በእጅ ክፈተው፤ ማሽን አታስጠጋ።