«ጋሼ፣ የመሬት ትግል (ወድቆ መሬት ላይ መታገል) ብጀምር ካራቴዬ ይበላሻል?»

ልጆቼ፣

ርዕሱ ላይ ያለውን ጥያቄ ያቀረበልኝ ቡናማ ቀበቶ የታጠቀ ልጅ ነው። አጭሩ መልስ «አይበላሽም» ነው። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ቁጭቴ ሚኖኪ ኢቺሃራ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1994 ዴንቨር ላይ በተካሄደው ሁለተኛው የዩኤፍሲ (የተለያዩ የትግል ስልቶች የሚጋጠሙበት) ውድድር ከብራዚላዊው የመሬት ታጋይ ሮይስ ግሬሲ ጋር የገጠመው ጃፓናዊ ካራቴኛ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 1993ቱ፣ ስለ መጀመሪያው ውድድር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ኢቺሃራ ነካ አድርጎ ነጥብ የሚለቅም ተወዳዳሪ አልነበረም። የዳይዶ ጁኩ ሰው ነው። ታካሺ አዙማ ክዮኩሺን ከሚባለው የካራቴ ስልት ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1981 ዳይዶ ጁኩን ሲመሠርቱ፣ ፊት በቡጢ የሚመታበት፣ ልብስ ተይዞ የሚጣልበት ካራቴ ፈልገው ነበር። ከካራቴ ወገን ለእንዲህ ያለ ግጥሚያ የተዘጋጀ ሰው ቢፈለግ እሱን የመሰለ አይገኝም። ግሬሲ ቀርቦ ያዘው፣ ጣለው፤ ከዚያ ወዲያ የኢቺሃራ ቡጢና እርግጫ ዋጋ አጣ። በ5 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ በኮሌታ ታንቆ እጅ ሰጠ።

ለምን? ጉልበት አንሶት አይደለም። የካራቴ ቡጢ ኃይሉን የሚያገኘው መሬት ከሚገፋው እግርና ከሚዞረው ዳሌ ነው፤ ጀርባው ምንጣፍ ላይ የተጣበቀ ሰው ሁለቱም የሉትም። ሌላም ነገር አለ። የዳይዶ ጁኩ ውድድር ዛሬ ኩዶ ይባላል፤ ሕጉ በአንድ ግጥሚያ የመሬት ትግል የሚፈቅደው ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 30 ሰከንድ ብቻ ነው። የዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን ደግሞ ጥሎ ወዲያው በጥራት ለመታ 3 ነጥብ ይሰጥና ዳኛው ያስነሣችኋል። ሰው የሚሠለጥነው ሕጉ የሚፈቅድለትን ያህል ነው። ዳኛ እስኪያስነሣው መታገሥ የለመደ ገላ፣ አስነሺ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ስለዚህ የጎደላችሁ የብልሃት ብዛት ሳይሆን እምቢ ከሚል ሰው ሥር የምታሳልፉት ደቂቃ ነው።

መጣልና መያዝ «የኛ አይደለም» የሚሉ መምህራን አሉ፤ ተሳስተዋል። ዋዶ ሪዩ የተባለው የካራቴ ስልት መሥራች ሂሮኖሪ ኦትሱካ ወደ ካራቴ የመጡት ከጁጁትሱ፣ ከጃፓኑ የመያዝና የመጣል ጥበብ፣ ነው። ሾቶካን የተባለው ስልት አባት ፉናኮሺም እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተሙት መጽሐፍ የመጣል ስልቶችን አሳይተዋል። ይበቃል፤ ወደ ሥራው።

መጀመሪያ መውደቅን ተማሩ። ወደ ኋላ ስትወድቁ አገጫችሁ ደረት ላይ ይጣበቅ። ክንዳችሁ ከጎናችሁ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ተከፍቶ፣ ከመዳፍ እስከ ክርን ባንድ ጊዜ ምንጣፉን ይምታ። ከዚያ በላይ ከተከፈተ ጫናው ወደ ትከሻ ይሄዳል። እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ መደገፍ ግን አንጓ ወይም ክርን ያሰብራል። ቁጢጥ ብላችሁ ጀምሩ፤ ቆሞ መውደቅ ኋላ ይመጣል።

ቀጥሎ መነሣት። በአንድ ጎን ተቀምጣችሁ በዚያው ጎን ያለውን እጅ ከኋላ ተደገፉ፤ ሌላው እጅ ፊትን ይከልል። በተደገፈው እጅና በተቃራኒው እግር ዳሌን አንሡ፤ ነጻውን እግር በሥር አሳልፋችሁ ወደ ኋላ ውሰዱና ቁሙ። ያረፋችሁበት ቅርጽ የለመዳችሁት የኩሚቴ (የግጥሚያ) አቋም ነው። ብዙዎች እግሩ ሳያልፍ ጭንቅላታቸውን ወደ ፊት ይሰጣሉ፤ እርግጫው እዚያ ያገኛቸዋል።

ካራቴኛን በተለይ የሚጎዱት ልማዶች ሦስት ናቸው። ረጅሙ የፊት አቋም የፊተኛውን እግር ለያዥ አሳልፎ ይሰጣል። ከሥር ሆኖ ክንድን ዘርግቶ መግፋት ለክርን ቁልፍ (ክርንን ይዞ ከአቅሙ በላይ ለመዘርጋት) ማመቻቸት ነው፤ ክርናችሁን ከጎድናችሁ አታርቁ። ሦስተኛው፣ ሲጨንቅ በሆድ መገልበጥ ነው፤ ጀርባውን የሰጠ አንገቱንም ሰጠ።

ተጋጣሚ ላያችሁ ላይ ከተቀመጠባችሁ አንድ እጁን ደረታችሁ ላይ ቆልፉ፣ በዚያው በኩል ያለውን እግሩን በእግራችሁ አግዱ፣ ከዚያ ዳሌን በዚያው ትከሻ አቅጣጫ ወርውሩ። ቀጥታ ወደ ላይ ማንሣት አይገለብጠውም። እጁ ካልተቆለፈም መሬት ተደግፎ ይቀራል።

ማነቅና ቁልፍ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይቅርባችሁ። የዘንድሮ ልጆች ከስልክ ላይ ተረከዝ መጠምዘዝ ተምራችሁ ትመጣላችሁ፤ እሱን ጨርሶ አትንኩት፤ ሕመሙ ሳይሰማ የጉልበት ጅማት ይበጠሳል። ሦስት ወር አልኩ እንጂ ከኋላ የሚደረገውን ማነቅ ቀደም ብሎ ማወቅ አይከፋም፤ ካላወቃችሁት አትከላከሉትም። በትክክል ከገባ በ10 ሰከንድ አካባቢ ራስ ያስታል፤ ባልደረባ እጅ መስጠቱን ለማሳየት በእጁ መታ መታ ሲያደርግ በቅጽበት ልቀቁ። ሕፃናት ላይ በፍጹም።

የ90 ደቂቃ ልምምድ ካላችሁ ከማሟሟቂያው በኋላ 10 ደቂቃ ለመውደቅ ስጡ፤ ገላ ሲደክም መጣጣል አደጋ ነው። መጨረሻ ላይ ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ፣ አንዳችሁ ከሥር ሆናችሁ ጀምሩ። ከሥር ያለው ግቡ መቆም ብቻ ይሁን። ምክንያቱም ከልምምድ ቤት ውጭ አስፋልት ላይ፣ ያውም የተጋጣሚያችሁ ጓደኞች በቆሙበት፣ ከሰው ጋር ተቃቅፎ መተኛት እብደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዩኤፍሲን ቀበቶ ያሸነፈው ሾቶካኑ ሊዮቶ ማቺዳ በብራዚል ጁጁትሱም ጥቁር ቀበቶ አለው፤ ሆኖም ብዙውን ሥራውን ይሠራ የነበረው ቆሞ ነው።

ሲሚንቶ ላይ የተዘረጋ የ2 ሳንቲሜትር ምንጣፍ ለመንከባለል ይበቃል፤ ለመጣል ግን 4 ሳንቲሜትር ያስፈልጋል፤ ከሌለ ከጉልበት ጀምሩ። ስስ የካራቴ ልብስ ብብቱ ላይ ይቀደዳልና የጁዶ ልብስ ፈልጉ። ጥፍር ቁረጡ። ጭርት ያለበት ልጅ እስኪድን ምንጣፍ ላይ አይውጣ፤ ምንጣፉንም ከልምምድ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና አድርጋችሁ ወልውሉት፤ ወዲያው ሳታደርቁ 10 ደቂቃ ተዉት።