የአልፋልፋው ክሽክሽ አተሬን ይወርብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ አተርና አልፋልፋ ጎን ለጎን ዘርቻለሁ። አልፋልፋውን አረንጓዴ ክሽክሽ ወርሮታል። አተሩ እስካሁን ደህና ነው። ጎረቤቶቼ «ሳይረፍድ አልፋልፋውን ንቀለው» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አይንቀሉት። እግሩ ረዘም ያለና ሲነኩት ከቅጠሉ ዱብ የሚል ከሆነ፣ ያዩት የአተር ክሽክሽ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ስሙ ያስደነግጣል። ግን የአተር ክሽክሽ ሁሉ አተር አይበላም።

በመልክ የማይለዩ፣ በኑሮ ግን የተለያዩ ከ10 በላይ ወገኖች አሉት። አንዱ አልፋልፋን ለምዷል፣ አንዱ ቀይ ማገጥን፣ ሌላው አተርን። ክንፍ ያወጣ ክሽክሽ አዲስ ተክል ላይ ሲያርፍ መርፌ የመሰለ አፉን ሰክቶ ይቀምሳል። የለመደው ካልሆነ ብዙ ጊዜ ትቶት ይሄዳል። ቢቆይም የሚወልደው ጥቂት ነው፤ ልጆቹም አይጠነክሩም።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ጋብቻቸው ነው። በሙቀቱ ወራት እንስቶቹ ያለ ወንድ ይወልዳሉ። ክረምቱ በሚበርድበት አገር ቀኑ ሲያጥር ወንዶችና እንቁላል ጣይ እንስቶች ይወለዳሉ፣ የሚገናኙትም እዚያው የሚበሉት ተክል ላይ ነው። ስለዚህ ተክሉን የመረጠ የትዳር ጓደኛውንም መረጠ ማለት ነው። አልፎ አልፎ ቢዳቀሉ እንኳ ዲቃላው በአልፋልፋውም በማገጡም ላይ ከንጹሑ ወገን ያነሰ ኑሮ ይኖራል። ወገኖቹ ተለያይተው የሚቆዩት በዚህ ነው። መለያየቱ ግን ፍጹም አይደለም።

ሌሎች ነፍሳትም እንዲህ ያደርጋሉ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሃውቶርን የሚባል የዱር ዛፍ ፍሬ የምትበላ ዝንብ ነበረች። ሰፋሪዎች ፖም ካመጡ በኋላ ከፊሏ ወደ ፖም ዞረች። ዝንቦቹ የሚጋቡት ፍሬው ላይ ነው። ፖም ቀድሞ ስለሚበስል የፖሟ ዝንብም ቀድማ ትወጣለች፤ ከዱሯ ጋር እምብዛም አይገናኙም። ቤንጃሚን ዋልሽ የተባለ የነፍሳት ተመራማሪ ነገሩን ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ነው።

የእርስዎን ክሽክሽ ራስዎ መፈተን ይችላሉ። ሁለት ማሰሮ ላይ የአተር ቡቃያ፣ ሁለት ላይ የአልፋልፋ ቡቃያ ያብቅሉ። ከአልፋልፋው ማሳ ክሽክሽ በለስላሳ ብሩሽ እያነሱ በእያንዳንዱ ላይ አምስት አምስት ያድርጉ፤ በስስ ጨርቅ ይሸፍኑ። ከሳምንት በኋላ ይቁጠሩ። አልፋልፋው ላይ ተራብተው አተሩ ላይ ከመነመኑ ወገናቸውን አወቁ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ግን አይዘንጉ። አንደኛ፣ ክሽክሽ ቀምሶ ቢሄድም አንዳንድ ቫይረስ በዚያች ቅጽበት ሊያስተላልፍ ይችላል። አተሩ ላይ የተጨማደደ ወይም ዥጉርጉር ቅጠል ካዩ ተክሉን ነቅለው ያስወግዱ። ሁለተኛ፣ አልፋልፋው ላይ መርዝ አይርጩ። ክሽክሹን የሚበሉት ጥንዚዛዎችና ጥገኛ ተርቦች እዚያ ነው የሚራቡት፤ ወደ አተሩም ይሻገሩልዎታል። ሲያጭዱም በየተራ በየቁራጩ ይጨዱ፣ መጠለያ እንዳያጡ።

አተሩን ግን ከማበቡ በፊት ጀምሮ በየሳምንቱ ይዩት። ጫፉን ነጭ ወረቀት ላይ ያራግፉ፣ የወደቀውን ይቁጠሩ። በአቅራቢያው ባቄላ ካለዎት ደግሞ ዋናው ጭንቀትዎ እሱ ይሁን። ባቄላ ላይ የአልፋልፋውም፣ የማገጡም፣ የአተሩም ወገን እኩል ይመቸዋል።