በሳተላይት እየተመሩ ማረፍ፦ ለአነስተኛ አውሮፕላን ባለቤቶች ጥያቄና መልስ ከጎንደር

አዘዞ በሚገኘው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ የምትኖሩ የበረራ ወዳጆች ስለ ጂፒኤስ መሣሪያዎች ብዙ ጠይቃችኋል። ሥራዬ የአቪዮኒክስ (የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች) ጥገና ስለሆነ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሴስና 172 በደመና ውስጥ በጂፒኤስ ተመርታ ወደ ማረፊያ እንድትቀርብ ቢያንስ ምን ያስፈልጋታል?

መልስ፦ ለመሣሪያ በረራ (ውጭን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ ለሚደረግ በረራ) የተፈቀደና በዳሽቦርዱ ላይ የተተከለ ጂፒኤስ፣ በአብራሪው ዓይን ፊት ያለ የአቅጣጫ መርፌ፣ ጊዜው ያላለፈበት ዳታቤዝ (መሣሪያው የሚጠቀምበት የበረራ መረጃ)። ታብሌት የቱንም ያህል ጥርት ያለ ካርታ ቢያሳይ ለዚህ ሥራ አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ዋጋው ቀለል የሚለው የቱ ነው?

መልስ፦ የጋርሚን ኩባንያ ጂፒኤስ 175 መሣሪያ በ2019 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ መትከያውን ሳይጨምር 4,995 ዶላር ነበር። ሬዲዮም ያለው ጂኤንሲ 355 6,995 ዶላር ነበር። ሬዲዮህ ደህና ከሆነ 175 ይበቃሃል። ሰው የሚቸገረው በመትከያው ነው፤ አንቴናው፣ ሽቦው፣ መርፌው፣ የፈቃድ ወረቀቱ ተደምረው የመሣሪያውን ዋጋ ሊጠጉ ይችላሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ጠቅላላውን ዋጋ በጽሑፍ አስቀርብ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ጋርሚን 430 አግኝቻለሁ። ልግዛው?

መልስ፦ ከቁጥሩ ቀጥሎ ደብሊው የሚል ፊደል መኖሩን ተመልከት። ፊደሉ የሌለው የቀድሞው ትውልድ ነው። ደብሊው ያለውም ቢሆን ምርቱ ከቆመ ቆይቷል፤ መለዋወጫውም እየጠፋ ነው። በጣም ካልረከሰ በቀር አልመክርህም።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያዎቹ እስከ 200 ጫማ ዝቅ ብሎ መቅረብ ይቻላል ይላሉ። ጎንደርም እንዲሁ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህን ሳያውቁ ብዙ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ያሳዝኑኛል። 200 ጫማ የሚያደርሰው ኤልፒቪ የሚባለው አቀራረብ ነው። እሱ ደግሞ የጂፒኤስን ስህተት በምድር ጣቢያዎች ለክቶ ማረሚያውን በሌላ ሳተላይት በኩል የሚልክ ሥርዓት ይፈልጋል። አሜሪካ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋስ (WAAS) የሚባል እንዲህ ያለ ሥርዓት አላት፣ አውሮፓ ኤግኖስ፣ ሕንድ ጋጋን። የእኛ ሰማይ በእነዚህ አልተሸፈነም። ስለዚህ መሣሪያው እዚህ የሚሰጥህ ኤልናቭ ነው፤ ግራና ቀኝህን በደንብ ይመራሃል፣ ቁልቁለቱን ግን ለአንተ ይተወዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከፍታውን እንዴት እጠብቃለሁ?

መልስ፦ በከፍታ መለኪያህና በታተመው የአቀራረብ ካርታ። የመጨረሻው አቀራረብ ወደሚጀምርበት ነጥብ ሁለት ኖቲካል ማይል ሲቀርህ የመርፌው ልኬት እየጠበበ ይሄዳል፤ መርፌውን እስከ ዳር የሚያደርሰው መዛባት ከ1 ኖቲካል ማይል ወደ 0.3 ይወርዳል። ያኔ ትንሽ ስህተት ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ አብራሪው ዓይኑን መርፌው ላይ ተክሎ ከፍታውን የሚረሳውም በዚሁ ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ስትደርስ ከፍታውን ጮክ ብለህ አንብብ። ዝቅተኛው ከፍታ ላይ ደርሰህ ማረፉን ትተህ የምትወጣበት ነጥብ እስኪመጣ ማኮብኮቢያው ካልታየህ ተመልሰህ ውጣ። ተራራ በከበበው አገር ላይ አንድ ጫማ እንኳ አትደራደር።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ይህ የማረሚያ ሥርዓት ለምን ለእኛም እንደ አሜሪካ አይተከልልንም?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ ሰማዩም ራሱ አስቸጋሪ ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው አየር ያለው ኤሌክትሪካዊ ንብርብር ይታወካል፣ የሳተላይቱም ምልክት ይርገበገባል። በአንድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ብቻ የሚሠራ ማረሚያ እዚህ ይቸገራል፤ በሁለት ድግግሞሽ የሚሠሩት ተስፋ ይሰጣሉ። ትምህርትሽ ከዚህ ጋር ከተያያዘ ግፊበት፤ አገራችን እንዳንቺ ያሉ ሰዎች ያስፈልጓታል።

ጥያቄ፦ ዳታቤዙ በየስንት ጊዜው ይታደሳል?

መልስ፦ በየ28 ቀኑ። የዓመቱን ክፍያ ከግዥው ዋጋ ጋር ደምረህ አስላ።

ጥያቄ፦ የድሮውን አንቴና መጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ ለመሣሪያው የተፈቀደ ካልሆነ አይቻልም። 175ም ሆነ ባለ ደብሊው 430 የራሳቸውን ዓይነት አንቴና ይፈልጋሉ። የድሮውን ያስቀጠለ ጫኝ ካጋጠመህ ሥራውን ከእሱ ውሰድ።