«ሴታሴት» የሚሉትን ልጅ፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ላይ ወጣት ጥፋተኞችን ለዓመታት ያስተማሩት ጋሼ ዛሬ ጥያቄ ይመልሳሉ። ርዕሱ፦ ታዳጊዎቹ ተመሳሳይ ጾታ ይወዳሉ ብለው በሚጠረጥሯቸው ልጆች ላይ ያላቸውን ጥላቻ በትምህርት መቀነስ።

የፋሲሎዋ መምህርት፦ ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ ከስድቡ። ድምፁ ቀጠን ያለ ልጅ ነበረን። «ሴታሴት» አሉት። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ቀጥሎ አብረነው አንበላም አሉ። ሳህኑን ይዞ በር ሥር ብቻውን ሲበላ አየሁት። ሰብስቤ ተቆጣሁ፤ ጭራሽ ባሰ፣ ፍራሹን ውሃ ደፉበት። ከዚያ ቁጣውን ትቼ «እስከ ዛሬ ያልወጣልህ ስድብ የቱ ነው?» እያልኩ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። አንዱ «ሌባ»፣ ሌላው «ዲቃላ» አለ። ዋናው አሳዳጅ ዝም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ «እንጀራ አባቴ ሴት ነህ እያለ ነበር የሚገርፈኝ» አለኝ። ልጁን ወደደው አልልሽም። ከማዕድ ግን አላባረረውም። አደራ፣ «አንተ እንደዛ ነህ?» ብላችሁ ማንንም አትጠይቁ።

ቤዛዊት፦ ጥናት አለ?

ጋሼ፦ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የወጣ የማያሚ ጥናት አለ። ቀስቃሾች ቤት ለቤት እየዞሩ ጾታቸውን ስለቀየሩ ሰዎች ከነዋሪዎች ጋር 10 ደቂቃ ያህል ተጨዋወቱ። ስብከት የለም፤ ሰውየው ራሱ የተገለለበትን ጊዜ እንዲያወራ ነው። ጥላቻቸው ቀነሰ፤ ለውጡም ቢያንስ 3 ወር ቆየ። እነዚያ ግን አዋቂዎች ናቸው፣ ያውም ቤታቸው።

እንግዳ፦ ሕጉስ?

ጋሼ፦ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግብረ ሥጋን ያስቀጣል። ሰው ደብድቦ መጉዳትም በዚያው ሕግ ያስቀጣል፤ 555ን እና 556ን አንብብ። ጠበቃ አይደለሁም። ቀጥሎ።





የጣና ልጅ፦ ይሄ ባህላችንን መናድ አይደለም?

ግሽ ዓባይ፦ ከማዕድ ማባረር ነው እንዴ ባህላችን?

የጣና ልጅ፦ እኛ ሰፈር «ሴታሴት» ቀልድ ነው።

ግሽ ዓባይ፦ አንተን ቢሉህ ትስቃለህ?

የጣና ልጅ፦ እኔን ማን አባቱ ይለኛል!

ጋሼ፦ በቃ፣ መልሱን ሰጠኸው። ወደ ጥያቄው።

በጎ ፈቃደኛዋ፦ ልጆቹን እንዴት እንቀይራቸው?

ጋሼ፦ ይሄ ጥያቄ ነው? ስንት ናቸው? ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ነው ወይስ ከዚያ በላይ? ከአዋቂ ጋር ከታሰሩ ትምህርቱን ተይና መጀመሪያ አስለዪአቸው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ አለልሽ።

በጎ ፈቃደኛዋ፦ እሺ። የተጠረጠረውን ልጅ ለብቻው ጠርቼ እውነቱን ብጠይቀውስ?

ጋሼ፦ ከላይ ምን አልኩ? አትጠይቁ! ለብቻው መጠራቱን ክፍሉ በሙሉ ያያል። ማታ በሩ ሲቆለፍ አንቺ ቤትሽ ገብተሻል፤ እሱ እዚያው ነው።