መልስ፦ ፕሮፌሰር መስፍን ከጂኦግራፊ ወደ ፖለቲካ እንዴት ገቡ?

ወንድሜ፣ «የጂኦግራፊ መምህር ፖለቲካ ውስጥ ምን አገባቸው?» ብለሃል። ያስገባቸው ረሃብ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ ከ1950 እስከ 1969 ዓ.ም. የአገራችንን ገጠር የፈጀውን ረሃብ አጠኑ። የደረሱበት ነገር ከባድ ነበር፤ ጥፋተኛው ሰማዩ ብቻ አይደለም፣ ገበሬው ለክፉ ቀን የሚያኖረው እንዳይተርፈው አድርጎ ያራቆተው ሥርዓት ጭምር ነው። ይህን ያወቀ ሰው ጠመኔ ይዞ ዝም ብሎ እንዴት ይኖራል? በ1984 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን መሠረቱ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ በ75 ዓመታቸው፣ ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ፤ የተፈቱት በ1999 ዓ.ም. ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ በወጣሁ ቁጥር የማስበው ያንን አዛውንት እስረኛ ነው።